ሃምሳ በመቶ

ውጭው ዊኒፔግ ነው፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ፤
ወንዙ ላይ መኪና ቆሟል፣ በረዶው አልሳሳ።
ውስጡ ጠባብ ክፍል፣ ሦስት ወንበር፣ የሶፍት ካርቶን፤
አማካሪዋ ዤኔቪቭ እርሳስና ወረቀቷን
ዘርግታ ትጠብቃለች። ወይዘሮ ይታይሽ ደግሞ
ካፖርቷን አላወለቀች፤ ቦርሳዋ ጉልበቷ ላይ ቆሞ።
እኔ መሐላቸው ነኝ፤ በሰዓት የሚከፈለው አፍ፤
መጨመር ክልክል ነው፣ ክልክል ነው መግደፍ።

ክብ ማለት ሴት ናት፤ አራት ማዕዘን፣ ወንድ፤
የተሰረዘበት፣ የለም።
ይታይሽ ሳቀች። «ይሄማ ዘር ቆጠራ ነው!
ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠር ሰምቻለሁ፤
አጎቴ በቃሉ ነበር፣ ያለ እርሳስ።
ለሞት ሲቆጠር ግን ዛሬ ገና አየሁ።»

ቆጠረች። አያት። አባት። የአባት እህት፣ ዘነበች።
«እሷ በምን ሞተች?» «በመጋኛ ነው የሞተች።»
እርሳሱ ቆመ።
መጋኛን በእንግሊዝኛ ምን ልበለው?
«ድንገት የሚመታ ሕመም» አልኩ፤ «ቤተሰቡ የሚለው ይህን ነው።»
ዤኔቪቭ ዝም አለች፤ የተማረችው ዝምታ ነው።
ይታይሽ ቦርሳዋን ከፍታ ዘጋች፣ ከፍታ ዘጋች።
«ጡቷ ቆስሎ ነበር» አለች። «ሽታው እንዳይወጣ
ጓዳ አስተኝተዋት ነበር። እንግዳ ሲመጣ
‹ገበያ ናት› በይ ተብዬ ነበር። ስምንት ዓመቴ ነው።
አርባ ዓመት ሙሉ ገበያ ናት፤
ዛሬ ነው የመለስኳት።»

የዘነበች ክብ ጠቆረ። የእህቷም ጠቆረ።
የአባቷ ማዕዘን ግን ነጭ ነው፤ ነጭ ሆኖ ቀረ።
«አባቴ እኮ ጤነኛ ነበር፤ ከሱ እንዴት ይመጣል?»
ይዞት ሳይታመም ለልጅ ያስተላልፋል፣ አልኳት።
«እውነት ነው» አለች ለራሷ፣ «ዘር ከልጓም ይስባል።»

ከዚያ ቁጥሩ ጋ ደረስን። ደሟ ውስጥ ተገኝቷል፤
አንድ ፊደል የጎደለው ቃል፣ በየሴሏ ተጽፏል።
«ለልጆችሽ የመተላለፍ ዕድሉ...» ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ።
ዕድል? ሎተሪ የሚወጣበት፣ ባል የሚገኝበት ቃል!
ዕጣ ብል፣ ያለቀ የደቀቀ ፍርድ ይሆናል፤
አደጋ ብል፣ መኪና የገጫት ይመስላል፤
ስጋት ብል፣ እሱ የልቧ ነው እንጂ የደሟ አይደለም።
«ሃምሳ በመቶ» አልኩ፣ ቁጥሩን ራቁቱን።

«ግማሽ ማለት ነው?» አለች። «ሁለት ሴቶች ናቸው ያሉኝ።
አንዷ ትተርፋለች፣ አንዷን ደግሞ... የትኛዋን?»
ዤኔቪቭ ከኪሷ የአንድ ዶላር ሳንቲም አወጣች፤
ወረወረች፤ ወፏ። ደግማ ወረወረች፤ ወፏ።
ሁለቱም ሊይዙት ይችላሉ፤ ሁለቱም ላይዙት ይችላሉ፤
እያንዳንዷ ለብቻዋ ነው፤ የአንዷ ለሌላዋ አይመሰክርም።
ተረጎምኩ። ይታይሽ ሳንቲሙን እንጂ እኔን አላየችም።
«በልጆቼ ቁማር?»

ያን ጊዜ ከአፌ አመለጠ፤
«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፣ ይታይሽ።»
ቀና አለች። «እንዲያ በዪኝ እንጂ!»
«ምን አልሻት?» አለች ዤኔቪቭ፣ እርሳሷን አስቀምጣ።
ጥፋቴን ተናዘዝኩ። ተረቱን እንዳለ ነገርኳት።
አልተቆጣችም። አልሳቀችም። ይታይሽን ጠየቀቻት፤
«ታዲያ ለልጆቹ ማን ይነግራል?»
ይህንን ለመተርጎም አልተቸገርኩም።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ጎን ለጎን ቆምን።
«ትልቋ ዓርብ ሆኪ አላት፤ ከጨዋታው በኋላ እነግራታለሁ።
አማርኛ እንደሆን የምታውቀው ብዪ፣ ተኚ፣ ተዪ ነው።
ዥንጉርጉርን ከየት ታውቃለች? በነሱ ምንድን ነው?»
ሰዓቴ አልቋል፤ በመንገድ ላይ ማስተርጎም አይፈቀድም።
ነገርኳት። ሦስት ጊዜ ደገመችው፣ ትንፋሿ እየነጣ፤
አንዴም በትክክል አልወጣላት።
ወረቀቱን በወፍራም ጓንቷ እንደያዘች፣
ክቦቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው፣
አሥራ ስምንት ቁጥር መጣ።